አዲስ ኤሌክትሪክ ጊታር እጃችሁ ሲገባ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አዲስ ጊታር የገዛ ሰው የመጀመሪያው ማታ ላይ ከሁለት አንዱን ነው የሚለው። ወይ «እንዲህ ያለ ጊታር አይቼም አላውቅ» ይላል፣ ወይ «ብሬን ውኃ በላው» ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። በመጀመሪያው ቀን የምትሰሙት ድምፅ የጊታሩ ብቻ አይደለም። የክሩ ነው፣ የአምፑ (የድምፅ ማጉያው) ነው፣ የክፍላችሁ ነው፣ የጣታችሁም ነው። እነዚህን ሳትለዩ ከፈረዳችሁ ወይ ጥሩ ዕቃ በርካሽ ትሸጣላችሁ፣ ወይ ደግሞ መመለስ የነበረበትን ዕቃ አቅፋችሁት ትቀራላችሁ።

ባሕር ዳር ላይ ነገሩ ትንሽ ይከብዳል። ብዙዎቻችን ጊታሩን ሞክረን አይደለም የምንገዛው። ከአዲስ አበባ ሰው ይዞልን ይመጣል፣ ከውጭ ዘመድ ይልክልናል፣ ወይ ቴሌግራም ላይ ፎቶ አይተን እንከፍላለን። ስለዚህ ጊታሩን መጀመሪያ የምንነካው ቤታችን ውስጥ፣ አጠገባችን የሚያስረዳ ሰው በሌለበት ነው። የሰፈር ልጆችንና የጓደኞቼን ጊታር ሳስተካክል ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ነው የምነግራችሁ።

ከጉዞ እንደገባ ከፍቶ መጫወት

ጓጉታችኋል፣ ይገባኛል። ግን ጊታሩ ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲንገላታ ውሎ ነው የመጣው። የአዲስ አበባ አየር ከእኛ ይቀዘቅዛል፣ እኛ ደግሞ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እንዴት እንደምንሞቅ ታውቁታላችሁ። እንጨት ይህን ይሰማዋል። ክረምት ላይ ደግሞ የጣና ዳር አየር ይረጥባል፣ በጋ ላይ ይደርቃል፣ አንገቱም በዚያው ልክ ትንሽ ይጎብጣል ወይ ይቃናል። ከነቦርሳው ቤት ውስጥ ጥላ ቦታ አሳድሩት። በነጋታው ክፈቱት። ከመናኸሪያ በባጃጅ ስታመጡትም ፀሐይ በሚመታው በኩል አታስቀምጡት።

«አይቃኝም» ብሎ መፍረድ

ይሄ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ሽምብጥ የሚኖር አንድ ልጅ አዲስ ጊታሩን ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ የተሸወድኩ መሰለኝ። ቃኝቼ ሳልጨርስ ይወርዳል።»

«ክሩን ስበኸዋል?»

«ምን ማለት ነው መሳብ?»

አዲስ ክር ይለጠጣል። እስኪለጠጥ ድረስ ምንም ብታደርጉት ይወርዳል። ክራር የሚጫወት ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አዲስ ክር ያሰረ ቀን ከመጫወቱ መቃኘቱ ይበዛል። መፍትሔው ቀላል ነው። መጀመሪያ ቃኙ። ከዚያ ክሩን 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተደረደሩት ብረቶች ናቸው ፍሬት የሚባሉት) አካባቢ በሁለት ጣት ይዛችሁ ከጊታሩ አካል ወደ ውጭ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ድምፁ ይወርዳል። እንደገና ቃኙ። መውረዱን እስኪያቆም ደጋግሙት። ለስድስቱም ክሮች እንዲሁ። ቀጭኖቹን ግን በርጋታ፣ አለዚያ ይበጠሳሉ።

ከዚያ በኋላም የሚወርድ ከሆነ ነቱን ተመልከቱ፤ ከአንገቱ ጫፍ ክሮቹ የሚያልፉበትን፣ ጎድጓዳ መስመሮች ያሉትን ቀጭን ድጋፍ ማለቴ ነው። መቃኛውን ስትጠመዝዙ ድምፁ እንቢ ብሎ ቆይቶ ድንገት «ጢቅ» ብሎ የሚዘል ከሆነ ክሩ ነቱ ላይ ተይዟል ማለት ነው። የልጁ ጊታር ችግር ይሄው ነበር። ሦስተኛው ክር «ጢቅ» ይላል። ክሩን አላልተን ከጎድጓዳው አወጣነው፣ ጎድጓዳውን በእርሳስ አሸነው፣ መለስነው። እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው፣ ያንሸራትታል። «ጢቅ» ማለቱን አቆመ። በአንድ እርሳስ የሚፈታ ነገር ነው እንግዲህ ጊታሩን ሊያስመልሰው የነበረው።

ጊታራችሁ ክንድ (ድምፁን የሚያወዛውዝ ዘንግ) ያለው፣ ማለትም ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት ክፍል) የሚንቀሳቀስ ዓይነት ከሆነ ደግሞ አንዱን ክር ስታጠብቁ ሌሎቹ ይወርዳሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፣ አሠራሩ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ደጋግማችሁ መቃኘት ብቻ ነው ያላችሁ አማራጭ።

የአምፑን ጀርባ ሳያነቡ መሰካት

እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው አምፕ ብዙ ጊዜ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው። ስፒናው ሶኬታችን ውስጥ እንዲገባ መቀየሪያ ስላደረጋችሁበት ቮልቱ አይቀየርም። ፊውዙ ይቃጠላል፣ ዕድለኛ ካልሆናችሁ የአምፑ ትራንስፎርመርም አብሮ ይሄዳል። ጀርባውን አንብቡ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ግዙ፣ አቅሙም አምፑ ከሚወስደው ዋት በደንብ የሚበልጥ ይሁን። መብራት ሄዶ ሲመጣ ብልጭ ድርግም የሚልበት ሰዓት ላይም አምፑን ነቅላችሁ ጠብቁ፣ ሲረጋ ሰኩት።

ጊታሩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ፒካፕ የሚባለው ከክሮቹ ሥር ሆኖ ንዝረታቸውን የሚይዘው ክፍል ነው፤ በባትሪ የሚሠራ፣ አክቲቭ የሚባለው ፒካፕ ያላቸው ብቻ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አላቸው። እነሱ ላይ ኬብሉን ሰክታችሁ ካሳደራችሁት ባትሪው ያልቃል፣ ድምፁ ይሳሳል፣ ይሰነጣጠቃል፣ እናንተም ጊታሩ የተበላሸ ይመስላችኋል።

የሚያጉረመርመውን ሁሉ ብልሽት ማለት

ሰካችሁት፣ አበራችሁት፣ ሳትነኩት «እምምም» ይላል። ሰው በዚህ ይደነግጣል። ባለ ነጠላ ጥቅል ፒካፕ፣ ሲንግል ኮይል የሚባለው፣ ማግኔት ላይ የተጠመጠመ ቀጭን ሽቦ ነው። የክሩን ንዝረት ይይዛል፣ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውን መብራትም አብሮ ይይዛል። ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠሩት፣ ስትራቶካስተር የሚባሉት የፌንደር ጊታሮችና እነሱን መስለው የሚሠሩት ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። በ1955 የጊታር ሠሪው የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር ሁለት ጥቅሎችን ተቃራኒ አድርጎ አገናኘና ይህን ማጉረምረም የሚሰርዘውን ሀምበከር ሠራ። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው ዓይነት እጃችሁ ላይ እንዳለ እወቁ።

ከዚያ ሞክሩት። ጊታሩን አንግታችሁ ባላችሁበት ቀስ እያላችሁ ዙሩ። ማጉረምረሙ በአንድ አቅጣጫ ይጨምራል፣ በሌላው ይቀንሳል። ሸምበቆውን መብራት አጥፉ። የስልክ ቻርጀሩን ንቀሉ። ከአምፑ ሁለት ሦስት እርምጃ ራቁ። ክሩን በእጃችሁ ስትነኩ ድምፁ ከቀነሰ ጤነኛ ነው፤ ብሪጁ ከውስጥ ሽቦ ጋር በትክክል ተገናኝቷል ማለት ነው። ባለ አምስት ደረጃ የፒካፕ መምረጫ ካለው በብዙዎቹ የዛሬ ጊታሮች ላይ 2ኛውና 4ኛው ቦታ ሁለት ፒካፕ ስለሚያጣምሩ ፀጥ ይላሉ።

ክሩን ስትነኩ ግን ቢነዝራችሁ ወዲያው ከሶኬቱ ንቀሉ። ያ የጊታር ጉዳይ አይደለም። የቤታችሁ መስመር የመሬት ሽቦ የለውም ወይም አምፑ ውስጥ ችግር አለ። ኤሌክትሪሺያን ሳያየው አትንኩት። በተለይ ማይክሮፎን አጠገብ ቆሞ ከንፈሩን እያስጠጋ የሚዘፍን ሰው እዚህ ላይ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

አምፑን እግር ሥር አስቀምጦ ድምፁን መገመት

ትንሽ አምፕ መሬት ላይ ተቀምጦ ወደ ቁርጭምጭሚታችሁ ነው የሚጮኸው። ቀጫጭኑ ድምፅ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጆሯችሁ አይደርስም። «ደነዘዘብኝ» ትሉና ትሬብሉን (የቀጭን ድምፅ ቁልፉን) ትጨምራላችሁ፤ ፊት ለፊት የተቀመጠው ወንድማችሁ ግን ጆሮውን ይዞ ይወጣል። አምፑን ወንበር ላይ አውጡት፣ ትንሽ ወደ ላይ አዘንብሉት፣ ፊት ለፊቱ ቁሙ።

ክፍሉም ይናገራል። ሲሚንቶ ወለል፣ ባዶ ብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለበት ቤት ድምፁን ወዲያና ወዲህ ይወረውረዋል። አልጋ ያለበት ክፍል ይሻላል። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ወይ ጋቢ መስቀል ብቻውን ለውጥ ያመጣል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደግሞ ስለ ድምፅ ምንም አትወስኑ፣ ጣት ማፍታቻ ብቻ ተጫወቱ። ከተቻለ ደግሞ ጊታራችሁን ይዛችሁ ሌላ ሰው ጋ ሂዱ፣ በእሱ አምፕ ሞክሩት። ድምፁ ፈጽሞ ከተለየ ስትጠሉት የሰነበታችሁት አምፑን ነበር።

ጌይኑን እስከ ጥግ ከፍቶ መጀመር

ጌይን የሚባለው የአምፑ ቁልፍ ብዙ ሲከፈት ድምፁ ይሻክራል፤ ዲስቶርሽን የሚባለው እሱ ነው። ዲስቶርሽን ሁሉን ጊታር አንድ ያስመስላል። ስህተታችሁን ይሸፍናል፣ የጊታሩንም ጠባይ ይሸፍናል። መጀመሪያ ንጹሕ ድምፅ ላይ ተጫወቱ፣ ኢፌክት ሳይኖር፣ ኢኮም ሳይኖር። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ጊታር የተጫወተውን ሰላም ስዩምን አዳምጡ፤ ጊታር ሳይጮህ እንዴት ከዘፋኙ ጋር እንደሚነጋገር እዚያ ይሰማል። ከዚያ የጊታሩን ቮልዩም ከ10 ወደ 7፣ ወደ 5 አውርዱት። ቶኑንም አዙሩት። ብዙ ሰው እነዚህን ቁልፎች 10 ላይ ትቷቸው ዓመት ይጫወታል፣ የጊታሩ ግማሽ ድምፅ ግን ያለው እዚያ ነው።

በቦክስ ጊታር ጉልበት መጫን

ከቦክስ ጊታር የመጣችሁ ይህን ልብ በሉ። ቦክስ ጊታር ላይ ክሩ ወፍራም ነው፤ የቀጭኑ ክር ውፍረት 12 (በኢንች ሺኛ) መሆኑ የተለመደ ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ብዙ ጊዜ 9 ወይ 10 ነው። በለመዳችሁት ኃይል ስትጫኑት ኖታው ከቦታው ይወጣል፣ ከፍ ይላል፣ ኮርዱም ይጎመዝዛል። ቱነሩ (ቅኝት የሚለካው መሣሪያ) ትክክል ነው ይላል፣ ጆሯችሁ አይደለም ይላል፣ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ክሩ ፍሬቱን እስኪነካ ብቻ ተጫኑ።

የክሩ ርዝመትም ስሜቱን ይለውጠዋል። ስትራቶካስተር ላይ ከነት እስከ ብሪጅ 25.5 ኢንች ነው፣ 648 ሚሊሜትር ማለት ነው። ሌስ ፖል የሚባለው የጊብሰን ጊታር 24.75 ኢንች ገደማ ነው። በዚያው ክር፣ በዚያው ቅኝት፣ ረዥሙ ይጠነክራል፣ አጭሩ ይለሰልሳል። ጓደኛችሁ ጋ የሞከራችሁት ለስላሳ ነበር፣ የእናንተ ጠንካራ ሆነ ማለት የእናንተ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። አንድ ቁጥር ቀጠን ያለ ክር ማሰር ይበቃ ይሆናል።

የአንገቱን ብረት በግምት መጠምዘዝ

ክሩ ሲርገበገብ ፍሬት እየነካ «ዝዝዝ» ይላል። ዩቲዩብ ላይ አንድ ሰው አንገቱ ውስጥ ያለውን፣ ጉብጠቱን የሚቆጣጠረውን ብረት በአለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ሲያዞር ታያላችሁ፣ እናንተም ታዞራላችሁ። እባካችሁ ቆይ።

መጀመሪያ ዝዝታው በአምፑ ይሰማል ወይ? ሳይሰካ ብቻ የሚሰማ ትንሽ ዝዝታ ብዙ ጊታር ላይ አለ፣ ተዉት። በአምፑም ከተሰማ የአንገቱን ጉብጠት ለኩ። ወፍራሙን ክር አንደኛው ፍሬት ላይና አንገቱ ከአካሉ የሚገናኝበት ፍሬት ላይ በአንድ ጊዜ ተጫኑት። ክሩ እንደ ማስመሪያ ይሆንላችኋል። መሀል ላይ፣ 7ኛው ወይ 8ኛው ፍሬት አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል በጣም ቀጭን ክፍተት ይታያል፤ ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ጥሩ ነው። ምንም ክፍተት ከሌለ አንገቱ በጣም ተቃንቷል ወይ ወደ ኋላ ጎብጧል፣ ብረቱ ይላላ። ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ ይጥበቅ። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አታዙሩ፣ አዙራችሁም እንደገና ቃኝታችሁ ለኩ። እንቢ ካለ አታስገድዱት። ብረቱ ከተቆረጠ ጥገናው ከጊታሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ክሩ ከፍሬቱ የሚርቅበትን ከፍታ የሚወስኑት ደግሞ ብሪጁ ላይ ያሉት ትንንሽ ብሎኖች ናቸው፣ አንገቱ አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው። 12ኛው ፍሬት ላይ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ከፍታ ለአብዛኛው ሰው ይስማማል።

በሰው ሪፍ ብቻ መሞከር

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ጊታሩን ስትሞክሩ ሁላችሁም ያንኑ የታወቀ የሮክ ሪፍ፣ ማለትም የሚደጋገም አጭር ዜማ ትጫወታላችሁ። ነገ ግን ሠርግ ላይ ወይ ባንድ ውስጥ ትዝታና ባቲ ነው የምትጫወቱት። ስለዚህ በምትጫወቱት ነገር ሞክሩት።

አንቺ ሆዬ ውሰዱ። ከላ ተነሱ። ወፍራሙ ክር ላይ 5ኛ ፍሬት ላ፣ 6ኛ ፍሬት ሲ ፍላት። አምስተኛው ክር ላይ 5ኛ ፍሬት ሬ፣ 6ኛ ፍሬት ሚ ፍላት። አራተኛው ክር ላይ 4ኛ ፍሬት ፋ ሻርፕ፣ 7ኛ ፍሬት እንደገና ላ። ቀስ ብላችሁ ውጡ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። ቅኝቱ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ግማሽ ድምፅ ጎን ለጎን ስላለ ትንሽ የሳተ ነገር ካለ ይጋለጣል፤ አምስት ኖታ ብቻ ስለሆነ የሚደበቅበት የለም። አሁን ያንኑ ከ12 ፍሬት በላይ ድገሙት፤ ወፍራሙ ክር ላይ ከ17ኛው ፍሬት ተነሱ። ታች ያማረው ላይ ከጎመዘዘ ኢንቶኔሽኑ፣ ማለትም በአንገቱ ሁሉ ላይ ቅኝቱ እኩል መሆኑ፣ አልተስተካከለም። ክሩን ክፍቱን ቃኙ፣ ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ቱነሩን እዩ። 12ኛው ላይ ከፍ ካለ ብሪጁ ላይ ያለችውን የክሩን መቀመጫ በካቻቢቴ ወደ ኋላ ሳቧት፣ ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ አስጠጓት። ለስድስቱም ክሮች ይህን ስትጨርሱ ጊታሩ ሌላ ጊታር ይመስላል።

ትዝታ ደግሞ ሌላ ነገር ይነግራችኋል። ኖታው ረዥም ይቆያል። አንዱን ፍሬት ተጭናችሁ አንዴ ብቻ ምቱና እስኪሞት ጠብቁ። ጎረቤቱ ፍሬት ላይም እንዲሁ። አንዳንድ ጊታር ላይ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚሞት ቦታ አለ፣ ፈጣን ሪፍ ስትጫወቱ ፈጽሞ የማታገኙት። የድምፃዊን እርግብግቢት ለማምጣት ክሩን ሳብ፣ መለስ፣ ሳብ አድርጉት፣ ላይ ባሉት ፍሬቶችም ሞክሩት። ስትስቡት ድምፁ ጠፍቶ የሚቀር ከሆነ ፍሬቶቹ እኩል አይደሉም ወይም ክሩ በጣም ወርዷል።

ዛሬ መታየት ያለበትን ለነገ ማስተላለፍ

ድምፁን ለመፍረድ አትቸኩሉ አልኩ እንጂ ሁሉም ነገር ይቆይ አላልኩም። ሻጩ ስልክ እያነሳ ሳለ የሚታዩ ነገሮች አሉ። ጊታሩን እንደ ጠመንጃ ይዛችሁ ከአካሉ ጫፍ በኩል በአንገቱ ላይ ተመልከቱ። ጎንና ጎኑ ተጣሞ ከሆነ፣ ማለትም አንዱ ጠርዝ ወጥቶ ሌላው ወርዶ ከሆነ፣ ያ በቀላሉ አይስተካከልም፤ መልሱት። እያንዳንዱን ፍሬት በእያንዳንዱ ክር ምቱ፣ የማይናገር ፍሬት ካለ ጻፉት። ኬብሉን ሰክታችሁ መግቢያውን ትንሽ ነቅነቅ አድርጉት። የሚቆራረጥ ከሆነ መጀመሪያ ሌላ ኬብል ሞክሩ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኬብሉ ነው። ቮልዩሙን ስታዞሩ «ክርርር» ካለ ብዙውን ጊዜ አቧራ ነው፣ ደጋግማችሁ ስታዞሩት ይለቃል። ፎቶና ቪዲዮ አንሱ። የሻጭ ቃል ከቪዲዮ ጋር ሲሆን ነው የሚታመነው።

ስለ ስሙና ስለ እንጨቱ ደግሞ አጭር ነው። «የቻይና ነው» ብሎ የሚያጣጥል ሰው አይጠፋም። ይናገር። በደንብ የተስተካከለ ርካሽ ጊታር ካልተስተካከለ ውድ ጊታር ይሻላል፣ ይህን በእጄ አይቻለሁ።

ክሩን ሳያብሱ መስቀል

ጣና ጨው የለበትም። ክር ቶሎ የሚያዝገው የእጃችን ላብ ነው፣ የክረምቱ እርጥበት ደግሞ ያግዘዋል። ከመጫወታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ፣ ስትጨርሱ ክሮቹን ከላይም ከሥርም በደረቅ ጨርቅ አብሱ። ከሱቅ የመጣበት ክር ደግሞ ስንት ጊዜ እንደቆየበት አይታወቅም። ጊታሩ ላይ የመጨረሻ ፍርድ ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ አዲስ ክር እሰሩበት።

ክሩን ቀይራችሁ፣ አስተካክላችሁ፣ በሌላ አምፕም ሞክራችሁ አሁንም እጃችሁ ካልወደደው ያኔ ጊታሩን ራሱን እየሰማችሁ ነው። ፒካፕ ይቀየራል፣ መቃኛ ይቀየራል፣ የአንገቱ ውፍረትና ስፋት ግን በቀላሉ አይቀየርም። ለእጃችሁ ከከበደ ጭረት ሳይበዛበት ሽጡት፣ ለገዢውም ያደረጋችሁለትን ማስተካከያ ሁሉ ንገሩት፣ አለን ቁልፉንም ቦርሳው ውስጥ አድርጉለት።